ሶማሌ ተራ እና ካምቤልፊልድ፦ ያልተጻፈው የአሮጌ መለዋወጫ ታሪክ

ከሜልበርን፣ አውስትራሊያ

“የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል” ይላሉ አበው። አባባሉ የተነገረው ለተቸገረ ሰው ቢሆንም፣ እኔ ግን ትርጉሙን በዓይኔ ያየሁት በሜልበርን ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ካምቤልፊልድ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ የመኪና ማፍረሻ ግቢ ውስጥ ነው። የተጋጨው፣ ያረጀው፣ ባለቤቱ የሰለቸው መኪና ሁሉ ጎማው ወልቆ በብረት ድጋፍ ላይ በሰልፍ ቆሟል። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሲከፈት ሊባኖሱ፣ ቬትናሙ፣ ቱርኩ፣ ሱዳኑ፣ ሐበሻው የመፍቻ ሣጥኑን አንጠልጥሎ ይገባና፣ ሁሉም ምሳሩን ይዞ ወደ ወደቀው ግንድ ያመራል።

እኔም ከእነዚህ አንዱ ነኝ። በሙያዬ መካኒካል መሐንዲስ ስሆን ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት እዚሁ ሜልበርን ነው። ጓደኞቼ “አንተ ሰውዬ፣ ደመወዝ አነሰህ እንዴ? አዲስ ዕቃ ገዝተህ አትገጥምም?” እያሉ ይቀልዱብኛል። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለእነሱ መልስ ይሆን ዘንድ ነው። መልሱ ግን ረጅም ስለሆነ ከእምዬ ምኒልክ ዘመን ልጀምር። (የሀገር ቤቱን ዘመን በእኛው አቆጣጠር፣ የውጭውን ደግሞ በፈረንጆቹ፣ እ.ኤ.አ. እያልኩ እጽፈዋለሁ።)

መኪናው መጣ፤ ሠሪውስ?

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በመኪና በረሃና ተራራ አቋርጦ አዲስ አበባ መግባቱ ይታወቃል። ብዙዎቻችን ይህን ታሪክ ስንሰማ የምናስታውሰው የሕዝቡን መደነቅና የንጉሡን ለአዲስ ነገር መጓጓት ነው። እኔ ግን እንደ መሐንዲስ የሚያሳስበኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ለመሆኑ ያ መኪና ቢበላሽ ማን ይጠግነው ነበር? ነዳጁም፣ ጎማውም፣ ብሎኑም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነበርና!

ምኒልክ ጥያቄው የገባቸው ይመስላል። በዚያው ዘመን ወጣቱን ተሰማ እሸቴን፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉትን፣ መኪና መንዳትና መጠገን እንዲማሩ ወደ ጀርመን ላኳቸው። ነጋድራስ ተሰማን ዛሬ የምናስታውሳቸው ግን በመካኒክነታቸው አይደለም፤ እዚያው ጀርመን ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጻቸው፣ በግጥማቸውና በዜማቸው ነው። እስቲ ልብ እንበል! የመጀመሪያው የሸክላ ዘፋኛችን የሄዱት ሞተር ሊማሩ ነበር። ዘፈኑን ታሪክ አድርገን ስናቆየው ሞተሩን ረሳነው።

ይህ እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ብረት የሚቀጠቅጠውን “ቡዳ” እያልን፣ ሸክላ የምትሠራውን እየተጸየፍን የኖርን ሕዝብ ነን። ምኒልክ ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያሳያል። አዋጅ ግን ልብን አይለውጥም። ለዚህ ራሴ ምስክር ነኝ፤ እመለስበታለሁ።

የጣሊያን ቃል፣ የሐበሻ እጅ

መኪና በሀገራችን በብዛት የታየው በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው። ፋሺስት ጣሊያን ሠራዊቱንና ስንቁን የሚያመላልሰው በካሚዮን ነበርና መንገዱን ጠረገ፣ ድልድዩን ሠራ፣ ጋራዡንም ከፈተ። “ትሬንታ ኳትሮ” እየተባለ የሚጠራው ፊያት 634 ስሙ እስከ ዛሬ በሽማግሌዎች አፍ አለ። አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያ ወደ ምዕራብ አዙሮ “የአገሬው ተወላጅ ገበያ” ያለውም ጣሊያን ነው፤ መርካቶ የሚለው ስም ከዚያ ቀረ።

ጣሊያን ሲሸነፍ በሀገሪቱ የነበረው ንብረት ሁሉ ለኢትዮጵያ ቀረ እንዳይባል፣ የእንግሊዝ ጦር ብዙውን ማሽንና ተሽከርካሪ “የጠላት ንብረት ነው” እያለ ነቅሎ ወስዷል። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት ይህን በሰነድ አስደግፈው ጽፈውታል። የቀረው የቀረውን ያህል ነበር። ያን የቀረውን ከዚያም ከዚህም ፈታትቶና አገጣጥሞ መንገድ ላይ ያዋለው ማን ነው? እዚሁ የቀሩ ጣሊያኖች ጋራዥ ከፍተው ነበር፤ ከሥራቸው ደግሞ መፍቻ የሚያቀብሉ፣ ሥራውን በማየት የሚማሩ የሐበሻ ልጆች ነበሩ።

ማስረጃው ከአፋችን አልጠፋም። አንድ የአዲስ አበባ ሾፌር መኪናውን ሲዘረዝርልን እንስማ። ከፊት ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሬቻ፤ ከውስጥ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፤ ከታች ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ቸርኬ፤ ከጎን ስፖኪዮ፤ ከኋላ ታርጋ። ለመንግሥት ደግሞ ሊብሬና ቦሎ። የሚፈታው ብሎንና ዳዶ፣ የሚፈታበትም ካቻቪቴና ፒንሳ! ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። እነዚህን ቃላት ወደ አማርኛ ያስገባቸው ሊቅ ወይም የቋንቋ ተቋም አይደለም። እጁ በግራሶ የተነከረ፣ ስሙ ያልተጻፈ ረዳት ነው።

ሶማሌ ተራ

አባቴ የኤንትሬ ሾፌር ነበር። ኤንትሬ ማለት ፊያት 682 ኤን 3 ነው፤ የሀገራችንን ጭነት ለአሥርተ ዓመታት በጀርባው የተሸከመ ካሚዮን። መስመሩ አዲስ አበባ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ አሰብ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ። በረሃ ላይ መኪና ሲቆም የሚደወልለት መካኒክ የለም። ስለዚህ ጎበዝ ሾፌር የሚባለው ምን እንደሚሰበር አስቀድሞ የሚያውቅ ነበር። አባቴ ከመቀመጫው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ኩሽኔታ፣ አሮጌ ፓምፕና ቁርጥራጭ ቱቦ የያዘ ሣጥን ነበረው። እናቴ “ሁለተኛ ሚስትህ” ትለው ነበር።

ሣጥኑ የሚሞላው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ቅዳሜ ካልተጓዘ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ሶማሌ ተራን ያላየ ካለ፣ እንደ ሥጋ ቤት ያስበው። ከጣራው የፍሪሲዮን ገመድና ማርሚታ ተንጠልጥሏል፤ ደጃፉ ላይ ካምቢዮ እንደ ሰንጋ ጭንቅላት ተጋድሟል። ከሱቆቹ በአንዱ ሰዉ ሁሉ “ጋሼ” የሚላቸው አዛውንት ነበሩ። ትምህርታቸው ከቄስ ትምህርት ቤት አላለፈም። ግን የፔጆን ኩሽኔታ በመዳፋቸው ይዘው አንዴ ካሽከረከሩና ወደ ጆሯቸው ካስጠጉ በኋላ፣ “ይሄ አንድ ክረምት አይወጣም” ይሉ ነበር። የቶዮታ ኮሮላን ዲኤክስ የትኛው ዕቃ ከየትኛው ዓመት ጋር እንደሚገጥም፣ የትኛው በትንሽ ሞረድ እንደሚገባ፣ የትኛው ቢመስልም እንደማይሆን በቃላቸው ያውቁ ነበር። ዛሬ በኮምፒውተር የምንፈልገውን የመለዋወጫ ዝምድና ሁሉ በጭንቅላታቸው ይዘውት ነበር ማለት ነው።

አንድ ቀን፣ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ፊቱ ተጨፍልቆ የመጣ መኪና አይቼ “ይሄማ አለቀለት” አልኳቸው። ሳቁና እንዲህ አሉኝ፦

“ልጄ፣ ተጋጭቶ የሞተ መኪና እስከሞተባት ደቂቃ ድረስ ጤነኛ ነበር፤ ሌላው አካሉ ደህና ነው። ምንም ሳይነካው ቆሞ የሞተ መኪና ግን በሽታ አለበት። መጀመሪያ ምን ገደለህ ብለህ ጠይቀው።”

ይህን አባባል በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በተማርኩት የብልሽት ትንተና ኮርስ ውስጥ አገኘሁት፤ በእንግሊዝኛና በብዙ ገጽ ተጽፎ።

እውነቱን ለመናገር የሶማሌ ተራ ሌላ ገጽም አለው። ማታ ስፖኪዮው የተሰረቀበት ሰው ጠዋት ሄዶ የገዛ ስፖኪዮውን መልሶ እንደሚገዛ የአዲስ አበባ ሰው ሲቀልድ ኖሯል። ባለ መኪናው የታርጋ ቁጥሩን በመስታወቱና በመብራቱ ላይ የሚያስቀርጸው ያለምክንያት አይደለም። ታሪክ ስንጽፍ የሚያኮራውን ብቻ መርጠን መጻፍ የለብንም። ነገር ግን ሌባ ስላለ ብቻ አንድን የሙያ ሰፈር በሙሉ “የሌባ ሰፈር” ብሎ መደምደም፣ ባለእጁን “ቡዳ” ከማለት በምን ይለያል?

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ፣ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በሶማሌ ተራ በኩል ስናልፍ ጋሼ ከሱቃቸው ደጃፍ ሆነው “አንተ የኤንትሬው ልጅ! ና እንጂ!” ብለው ጠሩኝ። እጃቸው እስከ ክንዳቸው ጥቁር ነበር። ከጓደኞቼ አንዱ “ታውቃቸዋለህ?” አለኝ። “አላውቃቸውም፤ በሌላ ሰው መስዬአቸው ይሆናል” አልኩና አለፍኩ። ለምን እንደዋሸሁ አሁን ሳስበው ይገባኛል። አባቴ ያስተማረኝ እጄ ግራሶ እንዳይነካ ነበር፤ እኔም ትምህርት ማለት ከግራሶ መራቅ መስሎኝ ነበር።

ካምቤልፊልድ

ሜልበርን የገባሁት ዲግሪዬን በፕላስቲክ አሽጌ ነው። ዲግሪው ግን “የአገር ውስጥ የሥራ ልምድ” የሚባለውን በር አልከፈተልኝም። እንደ ብዙው ወገናችን ቀን እየተማርኩ ማታ ታክሲ ያዝኩ። በዚያን ጊዜ የሜልበርን ታክሲ ማለት ከሞላ ጎደል በጋዝ የሚሠራ ፎርድ ፋልከን ማለት ነበር። ለራሴም ታክሲነት የጨረሰ አንድ ፋልከን በርካሽ ገዛሁ። በሦስተኛው ወር ካምቢዮው እምቢ አለ። አንድ ጋራዥ የጠየቀኝ ዋጋ መኪናውን ከገዛሁበት ይበልጥ ነበር።

እናም ቅዳሜ ጠዋት በተውሶ መፍቻ ካምቤልፊልድ ሄድኩ። በረድፍ የቆሙትን ፋልከኖች ሳይ የጋሼ ድምፅ መጣልኝ፤ “ምን ገደለህ ብለህ ጠይቀው”። ውጪው አምሮ የቆመውን ትቼ ከኋላው የተጨፈለቀውን መረጥኩ። የፔዳሉን ጎማ አየሁ፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ሊዋሽ ይችላል፣ የእግር ጎማ ግን አይዋሽም። የካምቢዮውን ዘይት አውጥቼ አሸተትኩ፤ ቀይ ነው፣ የመቃጠል ሽታ የለውም፣ የብረት ብናኝም አላየሁበትም። ፈትቼ ወሰድኩት። ያ ካምቢዮ መኪናውን እስክሸጠው ድረስ አራት ዓመት አገለገለኝ። የሁለተኛ ዲግሪዬን ትምህርት የጨረስኩት በዚያ ካምቢዮ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በዚያ ሰዓት ያዳነኝ በፕላስቲክ የታሸገው ዲግሪ ሳይሆን “አላውቃቸውም” ያልኳቸው ሰው ትምህርት ነበር።

ካምቤልፊልድ ራሱ ታሪክ ያለው ሰፈር ነው። የፎርድ ብሮድሜዶውስ ፋብሪካ የተተከለው እዚሁ ሲሆን ፋልከን ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይገጣጠም የነበረውም እዚሁ ነው። መስመሩ ላይ የቆሙት አብዛኞቹ ጣሊያኖች፣ ግሪኮች፣ ቱርኮች፣ ዩጎዝላቮች፣ ማለትም እንደ እኛ ስደተኞች ነበሩ። በ1973 እ.ኤ.አ. ከመስመሩ ፍጥነትና ከሥራው ክብደት የተነሣ ያደረጉት አድማ በአውስትራሊያ የሠራተኞች ታሪክ ውስጥ የታወቀ ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ የመጨረሻው ፋልከን ጥቅምት 7 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ወጣና ምርቱ ቆመ። በዓመቱ፣ በ2017 እ.ኤ.አ.፣ ቶዮታ አልቶናን፣ ሆልደን ደግሞ አደሌድ አጠገብ ያለውን ኤልዛቤትን ዘጉ። በ1948 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ሚኒስትር ቺፍሊ የመጀመሪያውን ሆልደን ሜልበርን ላይ በክብር ያስመረቁት መንግሥት የመኪና ሥራው እንዲህ ያበቃል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም።

ፋብሪካው ሲዘጋ የማፍረሻው ግቢ ግን አልተዘጋም። እንዲያውም ዋጋው ተገለበጠ። ጂሎንግ ላይ ይሠራ የነበረው “ባራ” የሚባለው የፋልከን ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር፣ እኔ ታክሲ በምነዳበት ዘመን ማንም የማይጓጓለት ተራ ሞተር ነበር። አሁን ጥንካሬውን የመኪና ውድድር ሰዎች ስላወቁለት፣ በተለይ ቱርቦ ያለው፣ ተፈልጎ የሚገዛ ሆኗል። አዲስ አይመረትም፤ ያለው ከወደቀው ግንድ ላይ ብቻ ነው።

ምን ይፈታል፣ ምን ይተዋል?

ለወንድሞቼና ለእህቶቼ የሚጠቅም ጥቂት ነገር ልጨምር። ከማፍረሻ ግቢ ያለ ሥጋት የሚገዛው በር፣ መስታወት፣ መብራት፣ ስፖኪዮ፣ ቸርኬና ወንበር ነው። ሞተሪኖ፣ ዲናሞና ካምቢዮ ተፈትሾ ይገዛል። የፍሬን ሸራ፣ ቺንጊያና ጎማ ግን ማለቃቸው አይቀርምና አዲስ ቢሆኑ ይሻላል። ኤርባግ ፈጽሞ አሮጌ አይገዛም፤ የታካታ ኤርባግ ስንቱን እንደገደለና በ2018 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ በግዴታ እንዳስመለሰችው አንርሳ። የሞተሩ ኮምፒውተር ደግሞ ከቁልፉ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ብቻውን ተፈትቶ ቢገዛ ላይሠራ ይችላል።

ከሁሉ ውዱ ዕቃ ግን ከሆዱ ሥር ያለውና ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ነው። ውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለበት። በ2021 እ.ኤ.አ. አንድ አውንስ ሮዲየም ከ20 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር፤ ከወርቅ ብዙ እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህም ሌባ አይጠፋበትም። የቪክቶሪያ መንግሥት በ2018 እ.ኤ.አ. ለቁርጥራጭ ብረት በጥሬ ገንዘብ መክፈልን የከለከለው ለዚህ ዓይነቱ ችግር ነው። “የሌባ ሰፈር” የእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው! ልዩነቱ እዚህ ሙያውን ሳያጠፉ ሌባውን ለመለየት ሕግ ማውጣታቸው ነው።

ነገስ?

ሀገር ቤት ነገሩ በፍጥነት እየተለወጠ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ውሳኔው ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ሌሎች ይከራከሩበት። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የጋሼ ልጆች ምን ይሁኑ?

አንዳንዱ “ከኤሌክትሪክ መኪና ጋር ሶማሌ ተራም ያከትማል” ይላል። እኔ አይመስለኝም። የኤሌክትሪክ መኪናም ይጋጫል፣ ይወድቃል፣ ምሳርም ይበዛበታል። ዋጋው ግን ከሞተሩ ወደ ባትሪው ይዛወራል። ለምሳሌ የመጀመሪያው ኒሳን ሊፍ ባትሪ በ48 ሞጁሎች የተከፈለ ነው። ደከመ የተባለ ባትሪ ውስጥ የሞቱት ጥቂቶቹ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ በአንድ ለክቶ ደህናውን ከታመመው የሚለይ ሰው ለቤት መብራት የሚሆን ባትሪ ከውስጡ ያወጣል። “ምን ገደለህ?” የሚለው ጥያቄ እዚህም ይሠራል ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ብረት ከ300 ቮልት በላይ ተሸክሟል፤ በመዳፍ አይመዘንም፤ ሳያውቅ የነካውን ይገድላል። ያለ ጓንት፣ ያለ መለኪያ፣ ያለ ሥልጠና ወደዚህ የሚገባ የሶማሌ ተራ ልጅ ሲሞት ቁጭ ብለን ማየት የለብንም።

ስለዚህ በውጭ ያለን መሐንዲሶች ሁለት ነገር ማድረግ እንችላለን እላለሁ። አንደኛ፣ የከፍተኛ ቮልት አያያዝን በቀላል አማርኛ፣ እነሱ በለመዱት ቃል ጽፈንና አሳይተን እናስተምር። ሁለተኛ፣ አሮጌዎቹ ባለሙያዎች ሳያልፉ የሚያውቁትን እንጻፍ፤ የትኛው ከየትኛው ይገጥማል፣ ምን ቀድሞ ይሰበራል፣ በምን ይታወቃል የሚለውን። ለነገሥታቱ ዜና መዋዕል ተጽፏል፤ ለነገሥታቱ መኪና ፈቺም ጥቂት ገጽ አይነሰው።

ሁለተኛውን ነገር የምለው ከቁጭት ነው። ከዓመታት በኋላ ሀገር ቤት ስሄድ ይቅርታ ልጠይቅ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። በጋሼ ሱቅ ውስጥ አንድ ወጣት አዲስ የቻይና መለዋወጫ በካርቶን ደርድሮ ይሸጣል። ስለ ጋሼ ስጠይቀው “አረፉ፤ ቆዩ እኮ” አለኝ። የጻፉት ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቅኩት። “ምን ይጻፉ? ሁሉንም በቃላቸው ነበር” አለኝ። አባቴም ከዚያ በፊት አልፎ ነበር፤ ሣጥኑንም የት እንዳደረሱት የሚያውቅ አልተገኘም።

ወዳጆቼ “አዲስ ዕቃ ለምን አትገዛም?” ስትሉኝ መልሴ ይኸው ነው። በየቅዳሜው ካምቤልፊልድ የምሄደው ገንዘብ ላተርፍ ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ ጠርተውኝ “አላውቃቸውም” ያልኳቸው ሰው ያስተማሩኝ ነገር ከእጄ እንዳይጠፋ ነው። ባለፈው ሳምንት የአሥራ አንድ ዓመት ልጄን ይዤው ሄድኩ። ፊቱ የተጨፈለቀ ካምሪ አይቶ “አባዬ፣ ይሄ አልቆለታል አይደል?” አለኝ። መፍቻውን አቀበልኩትና የጋሼን ነገር፣ ስማቸውንም ጭምር፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት።

ቸር ያሰንብተን።